ያስጨፈርክበት የአባባ ዘፈን

ለወንድሜ ለቀንዓ ጀቤሳ፣

አከም ጂርታ ወንድሜ? ጤናህ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰላምታዬ ከልብ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ግን ቁጣ ነውና ተቀምጠህ አንብበው።

አባባ አንደበቱ ተዘግቶ በተኛበት ስምንት ወር አጠገቡ ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን ራፕ ታውቀዋለህ። ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ላብ እያጠመቀኝ የቀዳሁት ነው። ከእማዬ በቀር የሰማው አልነበረም፤ እሷም በበሩ በኩል ነው። የአምቦ ጓደኞቼ ሌላውን ሥራዬን በሞባይል ይቀባበሉታል፤ ይህን ግን አልሰጠኋቸውም። የአባቴ ልጅ ነህና ለአንተ ብቻ በሚሞሪ ላኩልህ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በጥር የአክስታችን የሶረቲ ልጅ ጊንጪ ስታገባ፣ እኔና እማዬ ዳስ ውስጥ ምሳ ቀርቦልን ነበር። ዲጄው አንድ ዘፈን ከፈተ። «አባ፣ ዱበዱ» ይላል፤ አባዬ፣ ተናገር። ድምፁ የእኔ ነው። ግጥሜን ቆርጠው ጥለው አዝማቹን ብቻ አስቀርተው፣ የጭፈራ ምት ከትተውበታል። ሰው ብድግ አለ። ሙሽራው ሳይቀር «ዱበዱ» እያለ ትከሻውን ይንጣል። የያዝኩትን ጉርሻ የማደርግበት ጠፋኝ።

እማዬ ተነሥታ ሄዳ የጄኔሬተሩን ገመድ ነቀለችው። በሰርግ ቀን ሙዚቃ ማቋረጥ ሟርት ነው ተብሎ በማግስቱ ሽማግሌ ተላከባት። በስድሳ ዓመቷ፣ ራሴን አሞኝ ነው ብላ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀች። ምክንያቱን ብትናገር የአባባ ሕመም የሰው መሳቂያ እንዳይሆን ፈራች። እኔም አፌን ይዤ ቆምኩ፤ ለዚህ ራሴንም አልምርም።

ዲጄውን ስጠይቀው ከድሬዳዋ የመጣ ነው አለኝ። ስደውልልህ ሳቅክ። ያንተ ነገር ሁሌ ቁዘማ ነው፣ ከጓደኛዬ ጋር አስተካክለን ሰው እንዲሰማልህ አደረግን አልከኝ። ማን አስተካክሉልኝ አለህ? እኔ የምሠራው ለሰው የማልነግረውን ለራሴ ለመንገር ነው። አባባ ሳይመልስልኝ የሞተውን ጥያቄ ነው ገበያ ያወጣኸው። እማዬ ማን ሰረቀብህ ብትለኝ አላውቅም ብያታለሁ። ይቅርታህን አልፈልግም። ለፋሲካ መጥተህ ራስህ ንገራት።

እህታችን ለንሳ ሰላም ብላሃለች፤ ማስተማር ጀምራለች። አጎታችን ጃርሶም በጤና ይቆየኝ ይልሃል። እማዬ ደግሞ የዘፈኑን ሌባ ጠዋት ማታ እየረገመች፣ አንተን ግን ጉንጭህን እያገላበጠች ትስምሃለች።

ወንድምህ ዱጋሳ ጀቤሳ
አምቦ፣ የካቲት 3 ቀን 2005 ዓ.ም.