የአባዬ ኮላ

ኤፕሪል 14፣ ሰኞ

በረዶው ከጓሮ ጨርሶ ለቀቀ። ሰው ሁሉ ውጭ ነው፤ ማን አጭር ሱሪ ለመልበስ እንደሚቀድም ይሽቀዳደማል። እኔ ኩሽና ወለል ላይ ተንበርክኬ ቺፕውድ ስፈነቅል ዋልኩ።

የእቃ ማጠቢያው ጦስ ነው። ብርዱን ሙሉ ከሥር ከሥር ሲያፈስ ከርሞ ቺፕውዱ ውሃ ጠጣና እንደ ዳቦ ተነፋ። ጃንዋሪ ላይ አባዬ እብጠቱ ላይ ተደናቀፈ። ዳሌው ተሰበረ፣ በሰማንያ ስድስት ዓመቱ። ከሆስፒታል ወደ መጦሪያው አሻገሩት፣ እስኪራመድ ተብሎ። አሁን በመደገፊያ ይራመዳል። ግን ወለሉ እንዲህ ሆኖ ወደ ቤት አንለቀውም አሉ። ሜይ 8 ከመጦሪያው አንዲት ሴትዮ መጥታ ታያለች። ካልተስተካከለ የመጦሪያው ክፍል የዘለቄታ መኖሪያው ይሆናል። የዘለቄታ... ቃሉን መጻፍም አልወድም።

ቺፕውዱን በ1976 ያነጠፈው ራሱ አባዬ ነው። ሰው በሚስማር ይመታና ይበቃዋል። አባዬ ሚስማሩንም መታ፣ ኮላውንም አፈሰሰ። ባልዲው ላይ «በስሱ ይቀባ» ይላል አሉ። አባዬ ስስ ነገር አይወድም።

የዛሬ ውጤት፦ የሰሐን ያህል።

ኤፕሪል 15፣ ማክሰኞ

ዘዴው ገባኝ። የመጋዙን ጥርስ በቺፕውዱ ውፍረት ልክ አድርጎ፣ ከሥሩ ያለውን ኮምፔንሳቶ ሳይነኩ በትንንሽ አራት ማዕዘን መቆራረጥ። ከዚያ የብረት መፈንቀያውን ከሥር ሰክቶ በመዶሻ። ላይ ላዩ እንደ ደረቀ ኬክ እየተፈረፈረ ይነሳል። ታች ታቹ ከኮላው ጋር ቁጭ ይላል። እኔን እያየ።

ከመንገድ ማዶ የገባው አዲስ ጎረቤት መጣ። ካርማይን ይባላል። ጡረታ የወጣ የሊፍት ጠጋኝ ነው፣ ከኒው ጀርሲ።

«ሰው እየገደልሽ ነው?»

«ወለል ነው።»

«በኤሌክትሪክ የሚሠራ መፋቂያ አለኝ። ላምጣልሽ?»

«አይ፣ አትቸገር።»

«እሺ» ብሎ ሄደ።

እሺ? በቃ? ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው? እኛ ሚኒሶታ ውስጥ ሰው መጀመሪያ ሲጠየቅ «አይ» ይላል። ሲደገም አሁንም «አይ» ይላል፣ ለስለስ አድርጎ። ሦስተኛ ሲጠየቅ «እንግዲህ ካላስቸገርኩ» ይላል። አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሦስተኛው መልስ ነው የምሩ። ከዚያ በኋላ አይጠየቅም፣ ነውር ነው።

ይመለሳል። ነገ ይመለሳል።

ኤፕሪል 17፣ ሐሙስ

አልተመለሰም።

አባዬ ጋ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ተቀምጦ የመኪና ማቆሚያውን ያያል። ሌላ የሚታይ የለም።

«ወለሉ እንዴት ነው?»

«እየተነሳ ነው።»

«አይነሳም» አለ፣ ደስ ብሎት።

«ምን ያህል ኮላ ነው ያፈሰስከው አባዬ?»

«እናትሽ አንድ ቀን ‹ይሄ ወለል ሲጥ ሲጥ ይላል› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ብሎ ያውቃል?»

አያውቅም። እናቴ ካረፈች ስንት ዓመቷ፣ ወለሉ አሁንም ትንፍሽ አይልም።

ልወጣ ስል ጠየቅኩት። ሲያልቅ ትመጣለህ አይደል?

«አይ፣ አትቸገሪ። እዚህ ደህና ነኝ። ሾርባው ያን ያህል አይከፋም።»

የመጀመሪያው። የሚጠበቅ ነው።

ኤፕሪል 19፣ ቅዳሜ

ካርማይን ከመንገድ ማዶ እጁን አውለበለበ። እኔም አውለበለብኩ። ስለ መፋቂያው ትንፍሽ አላለም። ሆን ብዬ በር ላይ ቆሜ ወገቤን እያሸሁ ነበር እኮ...

ኤፕሪል 22፣ ማክሰኞ

ጋራዥ ውስጥ የበረዶ መስበሪያውን አየሁት። እጀታው ረጅም፣ ጫፉ ሰፊ ብረት። ብርዱን ሙሉ ደረጃው ላይ የጋገረውን በረዶ ስፈነቅልበት የከረምኩት። ለኮላ የማይሆነው ለምንድነው? ሆነ! ቆሜ ሠራሁ። ጉልበቴ አመሰገነኝ። እስከ ምሳ ሰዓት የጠረጴዛ ያህል አጸዳሁ።

ከምሳ በኋላ አንዱ የአባዬ ሚስማር ያዘው። እጀታው ተንሸራተተና ቀኝ መዳፌን ቀደደው። በጣም ብዙ ተሳደብኩ። ግማሹ አባዬ ላይ ነው፣ ይቅር ይበለኝ።

ኤፕሪል 24፣ ሐሙስ

እጄን ኪሴ ከትቼ ገባሁ። ሁለተኛ ጊዜ ጠየቅኩት።

«አይ ልጄ፣ ተይው። አንቺም ልጅ አይደለሽም።»

ለስላሳ «አይ» ናት። እንደ ደንቡ ናት። ወይስ... ድምፁ ውስጥ ሌላ ነገር ነበረ?

ኤፕሪል 27፣ እሑድ

ስብከት ላይ ስለ ኮላ ሳስብ አለቀ። ሰባኪው ስለማይናወጥ መሠረት ነበር የሚያወራው፤ መጥቶ ኩሽናዬን ይይ።

ከሰዓት ወንድሜ ሎዌል ከአሪዞና ደወለ።

«አናገርኩት። እዚህ ደህና ነኝ ይላል። ምን ታደርቂዋለሽ?»

«አንተ ስንት ጊዜ ጠየቅከው?»

«አንድ ጊዜ። ምን ችግር አለው?»

አሪዞና ሰው ታበላሻለች።

ሦስተኛውን ፈርቻለሁ። እውነቱ ይሄ ነው። ለዚህ ነው ጥጉን ሁሉ እየዞርኩ የምፍቀው። ወለሉ እስካላለቀ መጠየቅ የለብኝም። የምር «አይ» ካለኝ ምን አደርጋለሁ?

ሜይ 1፣ ሐሙስ

ጠየቅኩት። ፋሻውን መደበቅ ረሳሁ። እጄን ይዞ ገለበጠና አየው፣ ለረጅም ጊዜ።

«አይ» አለ። «እዚህ እቆያለሁ።»

ስለ ሾርባው እንኳ አልጨመረም።

ሜይ 2፣ ዓርብ

መጋዙን ሳልነካ ዋልኩ። አለቀስኩ። ከዚያ ወለሉን ረገጥኩት፣ ደጋግሜ። ምንም አልሆነም፣ ተለጥፏል።

ሜይ 3፣ ቅዳሜ

ካርማይን በሩን አንኳኳ።

«ትናንት ጩኸት አልነበረም። ሞተሽ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ግባ አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት... ስለ ሦስቱ መጠየቅ፣ ስለ አባዬ፣ ስለ ሦስተኛው «አይ»። ወለሉን ረስቶ አፉን ከፍቶ ሰማኝ።

«ቆይ። ያን ቀን መፋቂያውን ፈልገሽ ነበር?»

«አዎ።»

«‹አይ› አልሽ እኮ!»

«መድገም ነበረብህ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትፈጪ... እኔ ማዶ ቁጭ ብዬ ‹እቺ ሴትዮ ሥራ ትወዳለች› እላለሁ።» ግንባሩን ያዘ። «ስሚ፣ እናቴ አንድ ሰው ምሳ አልበላም ካላት ቀኑን ሙሉ ትጠይቀው ነበር። ተናዶ ይበላል። ሦስት ላይ አቁሚ ያለሽ ማነው?»

ማነው? አላውቅም። ማንም።

«ካርማይን፣ መፋቂያህን አምጣልኝ» አልኩ። እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ጆሮዬ ጋለ።

አመጣው። የእኔን የሳምንታት ሥራ በአንድ ከሰዓት ጨረሰ። መሣሪያው ያስጠላል፣ ድንቅ ነው። አንድ ቦታ ብቻ አሸነፈን፣ ከማቀዝቀዣው ሥር። ምላጩ ተሰበረ። ካርማይን ቀና ብሎ «አባትሽን ማወቅ እፈልጋለሁ» አለ።

ተውነው። ጥጉ ደረቅ ነው፣ አላበጠም። በዚያው ውፍረት አዲስ ኮምፔንሳቶ ዙሪያውን እናነጥፋለን፣ እኩል ይሆናል። በብሎን ብቻ። ያለ ኮላ።

ሜይ 4፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ሄድኩ። ኮቴን እንኳ አላወለቅኩም።

«አባዬ፣ ቤት ና።»

«ሦስት ጊዜ መለስኩልሽ።»

«ሰምቻለሁ።»

«አራተኛ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«አሁን አየህ። ነገ አምስተኛውን ይዤ እመጣለሁ።»

መስኮቱን አየ። አንድ መኪና ገባ፣ አንድ ወጣ።

«እጅሽ» አለ በመጨረሻ። «ኮላው የእኔ፣ ቁስሉ ያንቺ። ስመጣ ደግሞ ወገብሽን ልጨርስ?»

ይሄ ነበር ለካ። እኔ ደግሞ ከእኔ ጋር መኖር የሰለቸው መስሎኝ...

«ያለ አንተ ቤቱ ያስጠላኛል» አልኩት። በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮ አያውቅም። ሁለታችንም አፈርን። እሱ ብርድ ልብሱን አስተካከለ፣ እኔ ቦርሳዬን።

«ሁሉም ተነሳ?»

«ከማቀዝቀዣው ሥር ያለው እምቢ አለን።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነው።

«እዚያ ጋ ባልዲው ተደፍቶብኝ ነው። ለእናትሽ ሆን ብዬ ነው አልኳት።» ዓይኑን ጠረገ። «እስቲ መጥቼ ልየው እንግዲህ። ካላስቸገርኩ።»

ሜይ 8፣ ሐሙስ

ሴትዮዋ መጣች። ከካርማይን ጋር ባነጠፍነው አዲስ ወለል ላይ በጫማዋ ዞር ዞር አለች። ጥሩ ወለል ነው አለች።

ሜይ 17፣ ቅዳሜ

አባዬ ከገባ ሳምንት ሆነው። ዛሬ በመደገፊያው ወደ መስኮቱ ሲሄድ እቃ ማጠቢያው ጋ ወለሉ ሲጥ አለ። ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰና ደግሞ ረገጠው። ሲጥ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ኮላ አለሽ?»

«ቢኖረኝም አልሰጥህም።»

ካርማይን ብቅ አለ። ኬክ ቆርጬ አቀረብኩለት። «አይ፣ አትቸገሪ» አለ፣ በኩራት፣ የአገራችንን ወግ መልመዱን ሊያሳየኝ። እሺ ብዬ ሰሐኑን አነሳሁ። ፊቱን ብታዩት... ሁለተኛውን እስክጠይቅ ትንሽ አቆየሁት፣ ዕዳ አለበት።

ከዚያ የቡና ማሽኑን ማንቆርቆሪያ ይዤ ወደ አባዬ ዞርኩ።

«ልድገምህ?»

«አዎ» አለና ኩባያውን ገፋልኝ። በመጀመሪያው ጥያቄ።