በየሰኞው ስለሚነሣው ሙሾ፣ ለክቡር የዝርዝር ማመሳሰያ ክፍል ኃላፊ

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለርብ ድምፅና ለጉማራ ማኅደር የጋራ ዝርዝር ማመሳሰያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ጉና የጸና፣ ቤተሰብዎ በሙሉ ሰላም፣ የማስታወስ ኃይልዎም ከክፍልዎ ማሽን እጅግ የበለጠ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

እሌኒ በላይነህ እባላለሁ፤ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት በየቅዳሜውና በየዕረፍቴ ከደራ እስከ እብናት እየዞርኩ የአውድማ ዜማ፣ የሠርግ ዘፈንና ሙሾ ከባለቤቶቹ አፍ እየቀዳሁ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን በኢንተርኔት በሚሰማው በርብ ድምፅ አገልግሎት ላይ አኑሬአለሁ። የአገሬው ሰውና የሚኒባስ ሾፌሩ ግን የሚያዳምጠው በሌላው አገልግሎት፣ በጉማራ ማኅደር በኩል ነው። ስለዚህ ክፍልዎ ተቋቁሞ፣ እዚህ የተጨመረው እዚያ፣ እዚያ የተጨመረውም እዚህ በየሰኞው ጠዋት እንደሚታይ ሲያበሥሩን ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነበርኩ። እጄ ለዚያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረገልኝም።

አንደኛው አቤቱታዬ ስለ ወይዘሮ አበበች ነው።

ወይዘሮ አበበች የሐሙሲት ሰው ናቸው። አንድ ልጃቸው አንዱአምላክ ሥራ ፍለጋ በባሕር ሲሻገር ጀልባው ተገልብጦ ሞተ የሚል መርዶ ደረሳቸው፤ እንደ ደንቡ ተለቀሰ፣ ተዝካሩም ወጣ። በተዝካሩ ማግሥት ያለቀሱለትን ሙሾ እንድቀዳ የፈቀዱልኝ ራሳቸው ናቸው፤ የልጃቸው ስም ከምድር እንዳይጠፋ ብለው። ከሙሾው ይህችን ሁለት መስመር ክቡርነትዎም ሳይሰሟት አልቀሩም፦

ድፍርስ ወንዝ ነበር ዋና ያስተማረህ፣
የጠራው ባሕር ምነው አሰመጠህ።

ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ፣ በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ አንዱአምላክ ደወለ። ከጀልባው ከተረፉት አራት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር፤ በሰው አገር እስር ቤት ከርሞ፣ ሊለቁት መሆኑን ለመናገር ነው የደወለው። እናቱ ሦስት ቀን ሳቁም አለቀሱም፤ በአራተኛው ቀን በሚኒባስ ተሳፍረው ደብረ ታቦር እቤቴ መጡ። ለቆመ ሰው ሙሾ ማሰማት ሟርት መሆኑን ለእኔ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ልጄ በእግሩ እየመጣ ነው። ሙሾው ቀድሞት ቤት እንዲገባ አልፈልግም፤ አጥፊልኝ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ ሰረዝኩት። ከዝርዝሩ መውጣቱን በዓይናቸው አይተው፣ ግንባሬን ስመው ሄዱ። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሙሾው ተመልሶ በቦታው ተቀምጦ ነበር። ሰረዝኩት፤ በሚቀጥለው ሰኞ ተመለሰ። እስከ ገና ድረስ አሥራ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት፣ አሥራ ሦስት ጊዜም ተነሣ። በጉማራ በኩል ለእኔ የመሰረዝ ፈቃድ ስላልተሰጠኝ፣ የእርስዎ ሰዎች ከዚያም እንዲያነሡልኝ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። የደረሰኝ መልስ በእውነቱ ለትምህርት የሚሆን ነበር፤ ማመሳሰያው ሙሾውን በአንደኛው ዝርዝር አግኝቶ በሌላኛው ስላላገኘው፣ አዲስ የተጨመረ መሆኑን ተረድቶ በትጋት እንዳሟላልኝ ተገልጾልኛል።

ክቡር ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ትጋት በማድነቅ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ከሁለት ቤት በአንዱ ያለ፣ በሌላው የሌለ ነገር ሲገኝ፣ እዚህ ዛሬ ተወልዶ ይሁን ወይስ እዚያ ትናንት ሞቶ፣ የትናንቱን የማያስታውስ ሰው በምን ይለያል? የእኛ አገር የዕድር ጸሐፊ እንኳን አንድ ስም ከመዝገብ ሲያወጣ፣ መቼና በማን ቃል እንዳወጣው ከጎኑ ይጽፋል። የእርስዎ ማሽን ያለውን ሁሉ ያውቃል፤ የተሰረዘ ነገር ግን ተሰርዟል ብሎ የሚጽፍበት አንዲት መስመር አልተሠራለትም።

አንዱአምላክ በጥር ወር መጣ። ከባሕር ዳር በተሳፈረበት ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ከጉማራ ማኅደር የለቅሶ ዜማ ከፍቶ ነበር። ሐሙሲት ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው የእናቱ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎም የራሱ ስም። ለእኔ በኋላ እንደነገረኝ፣ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ለማታውቀው ሟች እንባዋን በነጠላዋ ስትጠርግ አየ። ሾፌሩን ወራጅ አለ ብሎ ወረደና የቀረውን መንገድ በእግሩ ሄደ። «እትዬ ደጅ ላይ ቆማ እስካያት ድረስ፣ የማልታይ መስሎኝ ነበር» አለኝ፤ እትዬ የሚላቸው እናቱን ነው።

ለእናቱ አልነገራቸውም፤ ነገር ግን ከዚያው ሚኒባስ የወረደ ጎረቤት ነገራቸው። ወይዘሮ አበበች ልጃቸውን ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቁት፤ እስከዚያም ከግቢ አላስወጡትም። እኔ እንኳን ደስ አለዎት ልል ስሄድ በአክብሮት ተቀበሉኝ፣ መቀመጫም ሰጡኝ፤ እንደ ወትሮው ግን አልሳሙኝም። አጥፍቼዋለሁ ብዬ የዋሸኋቸው መስሏቸው ነበር። ዓይናቸው እያየ እንደሰረዝኩት እያወቁ፣ ከማሽን ይልቅ እኔን መጠርጠራቸው ለክፍልዎ የተሰጠ ታላቅ ክብር ነው።

ሁለተኛው አቤቱታዬ ችግሩን ስለ መፍታትዎ ነው።

ሦስተኛው ደብዳቤዬ ደርሶ፣ በሰኔ ወር አዲስ ደንብ አወጡ፤ ከአንዱ ዝርዝር የታጣ ከሌላውም ይሰረዛል። አንድ ጊዜ ደግሜ ሰረዝኩት፤ ሙሾው በዚያው ሳምንት ከሁለቱም ጠፍቶ ቀረ። እኔም የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ያ ደብዳቤ እስካሁን በእጅዎ ካለ እንዲመልሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው መጋቢት አንድ ሰኞ ጠዋት ጉማራ ማኅደር ማሽኑን ሲቀይር፣ ዝርዝሩ ለሦስት ሰዓት ያህል ባዶ ሆኖ ዋለ። የእርስዎ ማመሳሰያ በሰዓቱ ደረሰ፤ ባዶውን አየ፤ እሌኒ የአሥራ አንድ ዓመት ልፋቷን በአንድ ጠዋት ሰርዛለች ብሎ አመነ። ሳይጠይቀኝም ከርብ ድምፅ ላይ ሁሉንም አጸዳልኝ። ከሦስት ሰዓት በኋላ የጉማራው ዝርዝር ሲመለስ ደግሞ፣ ርብ ላይ የለም ብሎ ያንንም ሰረዘው። ስደውል ያነጋገረኝ ጨዋ ባለሙያ፣ ሲስተሙ የታዘዘውን ብቻ እንደፈጸመ በእርጋታ ነገረኝ። ማን እንዳዘዘው ስጠይቀው፣ «መዝገቡ ላይ እርስዎ ነዎት የሚለው» አለኝ።

ጥፋቴንም ልናዘዝ። ሁለት ቦታ የተቀመጠ አይጠፋም ያሉንን አምኜ፣ በመቅጃዬ ካርዶች ላይ ደጋግሜ ሌላ ቀድቼባቸዋለሁ። ሁለት ቦታ የተቀመጠ ነገር አንድ ላይ ሊጠፋ እንደሚችል ያስተማረኝ ክፍልዎ ነው።

ከጠፉት መካከል የእብናቱ የአቶ ማሩ የአውድማ ዜማ ነበር። አቶ ማሩ ባለፈው ክረምት አርፈዋል፤ በሬዎቻቸውን አንድ በአንድ በስም እየጠሩ የሚያወድሱበት ያ ዜማ ከእሳቸው በቀር በማንም አፍ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ልጃቸው ፈንታነሽ አባቷን የምትሰማው በእሱ ነበር። መጥፋቱን ልነግራት ስሄድ በመንገድ ሁሉ ቃል ስመርጥ ነበር፤ ደርሼ ግን እግዜር ያጽናሽ ከማለት ሌላ አልመጣልኝም። ሁለተኛ መርዶ ማርዳቴ ነበርና።

ወሬው ሐሙሲት ሲደርስ ወይዘሮ አበበች አንዱአምላክን ላኩልኝ። «እሷ ለኔ ስትሰርዝ ከርማለች፤ አንተ ደግሞ የጠፋባትን ፈልግላት» ብለውታል። እንዳልዋሸኋቸው ሰው ነግሯቸው ይሁን ራሳቸው አውጥተው አውርደው የደረሱበት፣ አልጠየቅሁም።

አንዱአምላክ አንድ ፍላሽ ይዞ በየመናኸሪያው፣ በየገበያው ቀን፣ ከሾፌሮችና ከነጋዴዎች ስልክ ላይ አውርደው ያስቀሩትን ዜማ ሲለቅም ሁለት ወር ሊሞላው ነው። እስካሁን መቶ ዘጠና አንድ መልሶልኛል። በብዙዎቹ ስልክ ላይ የራሱን ሙሾም ያገኘዋል። ያን ጊዜ መታወቂያውን አውጥቶ ያሳያቸዋል፤ እነሱም ይደነግጣሉ፣ ያማትባሉ፣ ይሰርዙታል። አንድ ጊዜ የተነገረው ሾፌር ሙሾውን መልሶ ሲያጫውት አልተገኘም፤ ሰዎቹ የተነገራቸውን ያስታውሳሉ።

የአቶ ማሩን ዜማ ሙሉውን አላገኘነውም። አንድ የእብናት እህል ነጋዴ ለስልኩ መጥሪያ አድርጎት ኖሮ፣ አርባ ሰከንድ የሚሆነው ተረፈ፤ ሦስተኛው በሬ ስሙ ሊጠራ ሲል ይቆረጣል። ለፈንታነሽ አሰማናት። ሲቆረጥ ዝም አላለችም፤ የሦስተኛውን በሬ ስም ጠራችና ከአባቷ አፍ ተቀብላ እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ታውቀዋለች ብሎ የጠየቃት አልነበረም፤ የአውድማ ዜማ የወንድ ነው ተብሎ። እኔ ራሴም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልጠየቅኋትም። አሁን አባት የጀመሩትን ልጅ ስትጨርስ የሚሰማበት አንድ ቅጂ አለን፤ በሦስት ሰው እጅ ተቀምጧል፣ ከክፍልዎም ጋር አልተመሳሰለም።

ልመናዬ አጭር ነው። አንድ ነገር ሲሰረዝ፣ ማን፣ መቼ እንደሰረዘው ተጽፎ ይቀመጥ፤ ያ መዝገብ ሳይጠየቅም ምንም ነገር አይነሣ፣ ምንም ነገር አይጥፋ። አንድ ሙሉ ቤት በአንድ ጠዋት ባዶ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ፣ ሌላውን ቤት ባዶ ከማድረግ በፊት በሩን አንኳኩቶ ምን ሆናችሁ የሚል ሰው ይኑር። እስካሁን ላደረጉልኝም፣ ላጠፉልኝም፣ ከሞት ላስነሡልኝም ሁሉ፣ ምስጋናዬ በየሰኞው እየተደገመ ይድረስዎ።

ለክፍልዎ ትጋት ዘወትር የምትደነግጥ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ለማሽንዎ አጭር ዕረፍት የምትመኝ፣

መምህርት እሌኒ በላይነህ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የክፍልዎ የምስክር ወረቀት በፖስታ ደረሰኝ። በዘጠኝ ወሩ ግምገማ በሁለቱ አገልግሎቶች መካከል አንድም ልዩነት ያልተገኘበት፣ ፍጹም የተመሳሰለ ዝርዝር የእኔ በመሆኑ እንኳን ደስ አለሽ ይላል። ሄጄ አረጋገጥኩ፤ እውነት ነው። ሁለቱም ባዶ ናቸው።