ሳትሞላ የምትነሳው አውቶቡስ

ውድ አባዬ፣

አዲስ ነገር ቤት ሲገባ አሮጌው የት ይሂድ ብሎ ግራ ያልገባው ሰው ይኖራል? ካረፍክ ስምንት ወር ሆነ። እኔን ሰሞኑን ግራ ያጋባኝ ደግሞ ያ ላፕቶፕ ላይ የምንጫወተው የአውቶቡስ ጨዋታችን ነው። አትሳቅ።

የጨዋታው ሁለተኛ ክፍል ወጣ። አዎ፣ «ይወጣል» እያልኩ ስነዘንዝህ የነበረው። ጓደኛዬ ሐና ኮምፒውተሯ ላይ ስለጫነችው፣ አትላስ ሰፈር እነሱ ቤት እየሄድኩ ሦስት ቅዳሜ ተጫወትኩት። የኛ ላፕቶፕ ግን ሁለቱን አይችልም፤ አዲሱን ለመጫን አሮጌውን ማጥፋት አለብኝ። አሮጌው ውስጥ አንተ የሠራኸው ከተማ አለ። የመጫኛው ዲስክ ስለተሰበረ፣ አንዴ ካጠፋሁት መመለሻ የለውም። እማዬን ብጠይቃት፣ «እሱ ከኔ ይልቅ ከዚያ ጨዋታ ጋር ነበር የሚያወራው፤ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ተነስታ ጓዳ ገባች፤ ቶሎም አልወጣችም።

ቤታችን ያው ነው። በሩ ላይ ያለው መንገድ ሊሠራ ነው ተብሎ ተቆፍሮ ቀርቷል፤ ጭቃውን ብታየው ትናደድ ነበር። ተመርቄያለሁ። ሥራም አገኘሁ አባዬ! የአውቶቡስ መስመር የሚያጠና ቢሮ ነው፤ ሰኞ እጀምራለሁ። ቀኑ አልደርስ ብሎኛል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለተኛው ያምራል። ዝናብ ይዘንባል፣ መንገዱ ይጨናነቃል፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪ የራሱ ቤትና የራሱ ሥራ አለው። አውቶቡሱ ከዘገየ ይሰለቸዋል፣ ትቶት በእግሩ ይሄዳል። በአንደኛው ግን ተሳፋሪ ማለት ፌርማታው ላይ የተጻፈ ቁጥር ነበር፤ ዓመት ብታስጠብቀው ቅር አይለውም። ላንተ የተመቸህም ለዚህ ይመስለኛል።

ጡረታ የወጣህ ሰሞን፣ ጊዜህን እንድታሳልፍበት ብዬ ሳስተምርህ ትዝ ይልሃል? ዕድሜህን ሙሉ ከላምበረት መናኸሪያ ደብረ ብርሃን አውቶቡስ ስትነዳ ኖረህ፣ መጀመሪያ ያደረግከው ነገር አውቶቡሶቹን በሙሉ «እስኪሞላ ጠብቅ» ብለህ ማዘዝ ነበር። ከፊት ያለው እስኪሞላ ከኋላ ያሉት ተደርድረው ከተማው ተዘጋ። «አባዬ፣ በሰዓት ነው መነሳት ያለባቸው!» ስልህ፣ «አንቺ ልጅ፣ ባዶ ወንበር ይዤ ከመናኸሪያ ልውጣ? ሰው ምን ይለኛል?» አልከኝ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ተደፍተህ እንደ ረዳት ትጣራ ጀመር፤ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!»

የመመረቂያ ጽሑፌም በዚሁ ላይ ነበር። አውቶቡስ ሰዓቱን እንጂ መሙላቱን መጠበቅ የለበትም ብዬ ጻፍኩ። አንብበህ ስትጨርስ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ነድተሽ አታውቂም» ብለህ መለስክልኝ።

ባለፈው እሑድ ከተማህን አዲሱ ላይ እንደገና ልሥራው ብዬ የየአውቶቡሱን ትእዛዝ ደብተር ላይ መገልበጥ ጀመርኩ። አንደኛዋ፣ እስኪሞላ ጠብቅ። ሁለተኛዋም፣ እስኪሞላ ጠብቅ። እስከ ስድስተኛዋ እንዲሁ። ሰባተኛዋ ላይ ግን ትእዛዙ የለም። እኔ «ካምፓስ» ብዬ ወደሰየምኩት ሌላ ከተማ የምትሄደዋ ናት። ሞላችም አልሞላች ትነሳለች። ሳያት አራት ሰው ብቻ ይዛ ትሄዳለች።

እጄ ደብተሩ ላይ ቀረ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ደብረ ብርሃን ካምፓስ ከሰዓት በኋላ ፈተና ነበረብኝና በጠዋት ከቤታችን ከሳሊተ ምሕረት አብረን ወጣን። ላምበረት ስንደርስ አውቶቡስህ ግማሹ እንኳ አልሞላም። ተራ አስከባሪው በመስኮት፣ «ሰውዬ፣ ሳይሞላ ወዴት ነው? ዛሬ ምን ነካህ?» እያለ ሲጮህ፣ አንተ ማርሽ አስገባህ። እስከ ደብረ ብርሃን ዓይንህን ከመንገዱ አልነቀልክም። እኔ የተቆጣኸኝ መስሎኝ ነበር።

ያቺን ሰባተኛዋን አስበህበት ነው እንደዚያ ያደረግካት ወይስ ትእዛዙን መስጠት ረስተህ? መነጽርህን ሳታደርግ ነበር እኮ የምትጫወተው። ረስተህ ከሆነ ሁለት ቀን በከንቱ አለቀስኩ። አስበህበት ከሆነ ደግሞ፣ ያን ሁሉ ስንከራከር ምን ነበር ብትነግረኝ? ሰኞ ቢሮ ስገባ የትኛውን ይዤ ልግባ፣ ጽሑፌን ወይስ አንተን? ወይስ ድሮውንም አንድ ነገር ነው የምንለው? አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ወሰንኩ። አሮጌውን አላጠፋውም፤ ላፕቶፑ ያንተው ይሁን። አዲሱን ሐና ቤት እየሄድኩ እጫወታለሁ። ትናንት እዚያ ሆኜ ሁሉንም አውቶቡሶች በሰዓታቸው ለቀቅኳቸው፤ አንዷን ብቻ «ላምበረት» ባልኩት መናኸሪያ በእጄ አቆምኳት። ሐና፣ «መንገዱን ዘጋሽው እኮ፣ ምን ሆነሻል?» ትለኛለች። ተሳፋሪዎቹ መሰልቸታቸውን የሚያሳየው ቀይ ምልክት ይበራል። ይብራ። ይህን ጨዋታ በከፈትኩ ቁጥር ያቺን አንዷን አቆምልሃለሁ፤ ላንተ የምገባው ቃል ይኸው ነው።

ወንበሮቿ ሞልተዋል። ከሾፌሩ ኋላ ያለው ብቻ ነው ክፍት።

አንድ ሰው የቀረው፣ አባዬ! ና፣ ግባ።

ልጅህ ቤዛ