ጎብኚው ልጄ

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 1

ነፋስ ነበር። ጉልበቴ ደህና ነው። እንደ ሁልጊዜው ጎብኚዎቼን ይዤ ከድልድዩ ተነሥተን፣ በወንዙ ዳር አድርገን እስከ ካቴድራሉ። ኔቪል ከኋላ። ሥራው የሚንጠባጠብ ጎብኚ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ሲጋራውን ለማጨስ ነው።

አንዱ "ዝዮቹ ይነክሳሉ?" አለኝ። "ሳንድዊች ከያዙ አዎ" አልኩት። ሳቁ። ይህን ቀልድ ስንት ዓመት ተናገርኩት? አሁንም ያስቃል።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 8

ረስል መጣ።

ቆይ፣ በደንብ ልጻፈው። ድልድዩ ጋ ሰዎች ተሰብስበው ሳለ፣ ከኋላ ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው አየሁ። ልጄ። አራት ዓመት ሙሉ ቃል ያልተለዋወጥን። ቤቱ እኮ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ከደጄ ሆኜ ጣሪያውን አየዋለሁ።

ሰላም አላለኝም። እኔም አላልኩትም። ምን ላድርግ? "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግሌኒስ እባላለሁ" ብዬ ጀመርኩ። ለገዛ ልጄ ስሜን ነገርኩት።

እስከ መጨረሻው ተከተለን። አጨበጨበ። ሄደ።

"ያ ረጅሙ ሰውዬ ዓይኑን ካንቺ ላይ አልነቀለም" አለኝ ኔቪል። "ሚስት ፍለጋ እንዳይሆን።"

"በዚህ ጉልበቴ?"

ልጄ ነው አላልኩትም። ለምን? እንጃ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10

ስለ ረስል ሳስብ ዋልኩ። የዛሬ አራት ዓመት ጎርፍ ሳሎኔ ድረስ ገብቶ ሲወጣ፣ ቤቱን ሽጪና እኛ ጋ ነይ አለኝ። እምቢ አልኩ። ከባሌ ከሮላንድ ጋር ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው፤ የሞተውም እዚሁ ነው። እሺ ያለኝ መስሎኝ ነበር... በሳምንቱ ሳይነግረኝ የቤት ደላላ ይዞ መጣ። ደላላው ሜትሩን ዘርግቶ ሳሎኔን መለካት ጀመረ። ሁለቱንም አስወጣኋቸው።

ልክ ነበርኩ። ዛሬም ልክ ነኝ። ግን ናፍቆኛል።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 22

ባለፈው እሑድም መጥቶ ነበር፣ ዛሬም መጣ። በወንዙ ዳር ግንብ ላይ ውሃው የደረሰበትን የጎርፍ ምልክቶች ሳሳይ እጁን አወጣ።

"ይቅርታ፣ እርስዎ የሚኖሩት ወንዙ ዳር ነው?"

እርስዎ አለኝ። አምጬ የወለድኩት ልጅ።

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"ታዲያ ውሃው ሲመጣ ማን ያወጣዎታል?"

"ጎረቤት አለ።"

"ልጅ የለዎትም?"

"አለኝ። ደላላ ይወዳል።"

ጎብኚዎቹ ሳቁ። የረስል ጆሮ ቀላ፣ ልክ እንደ አባቱ። ከካናዳ የመጡ አንዲት ሴትዮ ግን አልሳቁም። "ልጅዎ ቢመጣ በር ይከፍቱለታል?" አሉኝ።

ወደ ካቴድራሉ እንለፍ አልኩ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

አልመጣም። ቢጫ ካፖርት ስፈልግ የታሪኩን ግማሽ ዘልዬዋለሁ አሉ። ኔቪል ነው የነገረኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

መጣ። ጉንፋን ይዞታል። ማን ሾርባ ይሠራለታል?

እሑድ፣ ኖቬምበር 24

ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። ወንዙ ሞልቷል፣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያም ወጥቷል። የአስጎብኚዎች ማኅበራችን ጉብኝቱን ሰረዘው። ያልሰማ ካለ ልመልስ ብዬ ድልድዩ ጋ ወጣሁ። ረስል ብቻ ቆሟል።

"ዛሬ የለም እንዴ?"

"ተሰርዟል።"

"እሺ።"

አልሄደም። እኔም አልሄድኩም። ውሃው ግንድ እየገፋ ሲያልፍ አየን።

"ምንጣፉን አንሥተሻል?" አለኝ።

"ብቻዬን እንዴት አድርጌ?" ...ከዚያ አላስቻለኝም። "በሩን ለምን አላንኳኳህም? ሦስት ወር ሙሉ!"

"ባንኳኳ አትከፍቺማ፣ እማ። ጉብኝት ላይ ግን ማንንም አታባርሪም።"

እውነቱን ነው።

"ደላላ ብታመጣ ወንዝ ውስጥ ነው የምከተው።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ና።"

ምንጣፉን፣ ወንበሮቹን፣ የሮላንድን ሬዲዮ ሁሉ ፎቅ አወጣን። የተጠበሰ ዳቦ በባቄላ በላን። ወገቤ ተቆርጧል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 26

ውሃው ገባ። ከመግባቱ በፊት ግን ረስል መጥቶ ወስዶኛል። ማዶ ሆኜ ነው የምጽፈው። ቤቱ እስኪደርቅ ብቻ ነው አልኩት። እሺ አለ። ስለ መሸጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እሑድ፣ ዲሴምበር 8

ጉብኝት ተጀመረ። መንገዱ ገና ጭቃ ነው።

"ሰውዬሽ ዛሬ ቀረ" አለኝ ኔቪል። "ተስፋ ቆርጦ ይሆናል።"

"ቤት ነው።"

"የማን ቤት?"

"የኔ። ወለሉን እያጠበልኝ ነው። ልጄ ነው፣ ኔቪል።"

ኔቪል ቆመ። "ይህን ሁሉ ጊዜ ካጠገቤ ሲሄድ? እኔ እኮ ተው ይቅርብህ፣ ነዝናዛ ናት ብዬዋለሁ።"

"እሱስ ምን አለህ?"

"'አውቃለሁ፤ ግን እሑድ እስኪደርስ ይጨንቀኛል' አለኝ።"

ካቴድራሉ ጋ ስንደርስ ለኔቪል ቦታዬን ለቀቅኩለት። የማሳረጊያውን ንግግር ኔቪል ጨረሰልኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ አሳስቶ ነው የተናገረው። አላረምኩትም። ጭብጨባውን ሳልጠብቅ ወደ ቤት ሄድኩ።