ጩጬ የሚያውቀው አድራሻ

ይድረስ ለውዷ እታለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውዪው? ባለቤትሽ ሥራው ቀናው? የትልቋ የፊት ጥርስ በቀለ? እኛ ደህና ነን እላለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል። አባዬ ዓይኑ ቢደክምም የቦርሳ መስፊያ መርፌውን ሳይዝ ቁርስ አይቀምስም። እማዬም ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ ትቆጣለች፤ ስትቆጣ ጤነኛ መሆኗን አውቃለሁ።

ስልክ መደወል ሲገባኝ በወረቀት የጻፍኩልሽ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። የምነግርሽን ከአፌ እንድትሰማው አልፈልግም።

የሱቁን ድረ ገጽ ስም ቀየርን። «ባለመርፌው» የሚለው ቀረ። ገጹን የከፈተልን ጩጬ እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ ጩጬ እያልነው ሁላችንንም በቁመት የበለጠን ወንድማችን። አባዬን ሰፈሩ የሚጠራበትን ስም አድራሻ አደረገው፤ ቦርሳ የሚያዝ ሁሉ በዚያ ይጽፍልን ጀመር። አገር ጥሎ ከሄደ በኋላ የመጨረሻ መልእክቱ የመጣውም በዚያው በሱቁ ኢሜይል ነው። ከሰው ኢሜይል ተውሶ ነበር የጻፈው፦ ስልኩ ጠፍቷል፣ የማናችንንም ቁጥር በቃሉ አያውቅም፣ የማይረሳው ይህን አድራሻ ብቻ ነው፣ ካለበት ሲወጣ ይጽፍልናል። በተዋሰው ኢሜይል ብመልስለትም ከዚያ ወዲህ የውሃ ሽታ ሆነ። እማዬ በየጠዋቱ ሱቁ ሳይከፈት እስቲ እይልኝ ትላለች። አያለሁ፣ የለም እላለሁ፣ ይሁን ብላ መጥረጊያዋን ታነሳለች።

በቅርቡ ገጹ ድርግም ብሎ ጠፋ። ገጹን ወደሚያስተናግደው ድርጅት ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት፤ ትሕትናዋ ግን አንጀት አያርስም። የገጹ ቦታ የተከፈተው በሱቁ ስም ነው፣ ዶሜይኑን፣ ማለት የአድራሻውን ስም፣ ግን ጩጬ በራሱ ስም ነው ያስመዘገበው። የማሳደሻው ጊዜ አልፏል፤ ለማሳደስ ደግሞ እሱ ራሱ በግል ኢሜይሉ ማረጋገጥ አለበት። ወንድሜ ጠፍቷል አልኳት። ይገባኛል፣ ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ መሆን አለበት አለችኝ። ስሙ በእጃችን ቢሆን ሌላ ስም ብናወጣም አሮጌውን በጎን ማቆየት ይቻል ነበር። አሁን የቀረን ሌላ ስም አስመዝግበን የአካውንቱ ዋና ዶሜይን ማድረግ ብቻ ነው።

ምን ላድርግ? ትዕዛዝ ቆሟል፤ አባዬ ሰፍቶ የጨረሳቸው ቦርሳዎች መደርደሪያው ላይ ተቆልለዋል። አዲሱን ስም እማዬ አወጣችው፤ «የባለመርፌው ልጆች»። ጩጬ ካየው ራሱንም ያገኝበታል አለች። ማን ያሳየዋል ብዬ አልጠየቅኋትም።

ቅያሬውን የሠራሁት እኔው ነኝ። ዋና ዶሜይን ከሚለው ሥር አሮጌውን አጥፍቼ አዲሱን ጻፍኩና ተጫንኩት፤ አለቀ። የቦርሳዎቹ ፎቶ ሁሉ ጠፍቶ አስደነገጠኝ። ለካ በየገጹ የድሮው ስም ተሰግስጎ ቀርቷል፤ እንደ ጤፍ ለቃሚ አጎንብሼ አንድ በአንድ አወጣሁት። የኢሜይል ሳጥናችንም ወደ አዲሱ ስም ዞረ፤ የጩጬ መልእክት አልጠፋም፣ አለ። በድሮው አድራሻ የሚጻፍ ግን ከእንግዲህ መድረሻ የለውም። ሞክሬዋለሁ። ከራሴ ስልክ «ጩጬ ነኝ፣ አለሁ» ብዬ ላክሁበት። ተመለሰ። አለቀስኩ እታለሜ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ቤት በቀየርን ቁጥር እማዬ ምን ታደርግ እንደነበር አትረሺውም፤ ዕቃ ሳይጫን ጎረቤቱን ሁሉ ዞራ፣ የሚፈልገን ሰው እንዳይጉላላ የምንገባበትን ትናገራለች። አሁንም የጠየቀችኝ ያንኑ ነው፤ ለጎረቤት ነግረሽ ነው የወጣነው? ይኼ ጎረቤት የለውም አልኳት። ጎረቤት የሌለው ሰፈር የት አለ ብላ ተቆጣችኝ።

እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ። ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው። እስከ ዛሬ የለም ስላት እውነት ነበር፤ ከእንግዲህ ግን አይጽፍ እንደሆነ ወይም ጽፎ ተመልሶበት እንደሆነ በምን እለየዋለሁ? ቢመለስበትስ ምን ይላል? ዘጉብኝ ነው የሚለው።

ዛሬ ጠዋት የድሮውን ስም ከፈትኩት፤ ለሽያጭ ቀርቧል ይላል፣ በማንችለው ዋጋ። ለእማዬ አነበብኩላት። ሰው ገባበት ወይ አለችኝ። ገና ነው አልኳት። እንግዲያው የሚገባበት ሰው ሲታወቅ ቶሎ ጻፊለት አለች፤ አንድ ረጅም ልጅ መጥቶ የባለመርፌውን ቤት ከጠየቀህ፣ ሄዱ እንዳትለው፣ እዚሁ ናቸው በለው ብለሽ።

ለባለቤትሽ ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬ ይድረሰው። ትልቋን ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። አባዬ ለልጄ ጉልበት ይስጣት ብሏል። እማዬ ሰላምታዋን ስታስጽፈኝ እንደ ልማዷ ለጩጬም አለችኝ፤ ይኸው ጻፍኩለት፣ አንቺ ጋ ይቀመጥለት።

እህትሽ
ከሱቁ ጓዳ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17 ቀን