ስሜ በጋዜጣ ወጣ

ይድረስ ዲትሮይት ላለሽው ለታላቅ እህቴ ለኦዴሳ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ሚሲሲፒዎች፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ ወንድምሽ ሉሸስ በገዛ እጁ ነው የጻፈው! የማታ አስተማሪያችንን ቨርኔልን እግዜር ይስጥልኝ። ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ፐርሊ ግን "አንደኛዋስ እኔ" ትላለች።

ለመራጭነት ልመዘገብ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ነጩ ጸሐፊ ስሜን መጻፍ የማልችል መስሎት "በል አጎቴ፣ እዚህ ጋ መስቀልህን አስምር" አለኝ። "መስቀሉን ለቄሱ ትቼዋለሁ ጌታዬ" ብዬ ሙሉ ስሜን ጻፍኩለት፤ ከመስመሩ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው!

እዚህ ለመራጭነት ያመለከተ ሰው ስም ሁለት ሳምንት በጋዜጣ ይወጣል፤ የትኛው ጥቁር እንደደፈረ ነጮቹ እንዲያዩት ነው። የእኔም ወጥቶ ራሴ አነበብኩት። መሬቱን የምናርስለት ሚስተር ሃጊንስም አንብቦታል። "ፊደል ቆጠርክ አሉ፣ ሉሸስ" አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልስም። ፐርሊም አልጋችንን ከመንገድ ዳሩ መስኮት አንስታ ጓዳ አስገባችው፤ ነፋስ ፈርታ ነው አሉ፤ ጥይት የሚሉት ነፋስ።

ልጃችንን ኮሪንን እቀበላለሁ ስላልሽ እንዴት ብዬ ላመስግንሽ! ቅዳሜ በባቡር ትደርሳለች። በዚህ የሐምሌ ሙቀት ፐርሊ የኮሪንን የበረዶ ጊዜ ወፍራም ካፖርትም ሻንጣው ውስጥ ከትታዋለች። እኔም አውጪው አላልኳት።

በጸሎትሽ አትርሺን፤ ሰላምሽ ይብዛ።

ወንድምሽ ሉሸስ ታርቨር