በገዛ ባሌ ላይ ለምን መሰከርኩ

ይድረስ ለምወድሽና ሁልጊዜ ለምሳሳልሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ለመሆኑ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል? ጋሼን ያ ክፉ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ትንሿስ ጥፍሯን መብላት ተወች? እኔ እጄ በሳሙና ከመሰነጣጠቁ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ናፍቆትሽ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ፤ እሱ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ አነበብኩት። «ባልሽ አልጋ ላይ ተዘርሮ ሳለ ከባዳ ጋር ወግነሽ በትራፊክ ፖሊስ ፊት መሰከርሽበት አሉ፤ ምነው እንዲህ ጨከንሽ?» ብለሻል። ወሬውን ማን እንዳቀበለሽ ለመገመት ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልገኝም። አክስቱ ናት። ያቺ ሴትዮ ሰው ሲታመም ከሐኪሙ ቀድማ ትደርሳለች፤ የምትይዘው ግን መድኃኒት ሳይሆን ወሬ ነው። አዎ እትዬ፣ መስክሬበታለሁ። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽና ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ፍረጂ።

ባለቤቴ ጎበዝ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ይህን አልክድም። ማበጠሪያው ከደረት ኪሱ ስለማይጠፋ ሰፈሩ ሁሉ «ማበጠሪያ» ነው የሚለው። ሞተሩን የገዛው ከቤት መውጣት የማይችሉ ሽማግሌዎችንና በሽተኞችን እየሄደ ለማስተካከል ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ያላወቅሁት ነገር፣ ሰውዬው ሞተር ላይ ሲወጣ የነበረችውንም ትንሽ ማስተዋል ከመሬት ትቷት እንደሚወጣ ነው።

ሞተሩ ጥቁር፣ ጃኬቱ ጥቁር፣ ሱሪው ጥቁር፣ ጫማው ጥቁር። ተነስቶ ሲሄድ የተቃጠለ ክብሪት ይመስል ነበር። ሄልሜት የለውም እንዳትዪ፤ አለው። የሚያደርገው ግን ክርኑ ላይ ነው! እንደ ዘንቢል አንጠልጥሎት ከተማውን ያዞረዋል። አንድ ቀን «አንጎልህ ወደ ክርንህ ወርዶ ከሆነ ንገረኝና ማበጠሪያህንም እጅጌህ ላይ ኪስ ልስፋለት» አልኩት። እሱ ግን መስታወቱ ፊት ቆሞ ቅባቱን እየተቀባ «ፀጉሩ የተጨፈለቀ ፀጉር አስተካካይን ማን ያምናል?» አለኝ። መልስ ነው ብሎ እኮ ነው።

የኋላ መብራቱን ደግሞ ጥቁር ላስቲክ ለጠፈበት። ቀይ ሆኖ ሲበራ ሞተሩን ርካሽ ያስመስለዋል አለ። የፊቱ አምፖል ሲቃጠል «ነገ እቀይረዋለሁ» አለ፤ ነገ የሚባለው ቀን ግን እኛ ቤት ደርሶ አያውቅም። በመጨረሻ እኔው ራሴ ከዕቃ መሸጫ ቤት ያን ብርቱካናማ፣ መብራት ሲያርፍበት የሚያበራውን ሰደርያ ገዝቼ አመጣሁለት። እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየውና «እኔ የመንገድ ሠራተኛ ነኝ እንዴ?» አለ። የመንገድ ሠራተኞች ቢያንስ ማታ በእግራቸው ቤታቸው ይገባሉ አልኩት። ምን ቢያደርግበት ጥሩ ነው? ሞተሩን ወለወለበት!

የሞተር ጓደኞቹም ያው ናቸው። ማዕዘኗ ላይ ተኮልኩለው ማን በስንት ፍጥነት እንደነዳ፣ በየትኞቹ ሁለት መኪኖች መሀል ሾልኮ እንዳለፈ ሲተራረኩ ይውላሉ። አይጥም በግድግዳ ስንጥቅ ሾልካ ታልፋለች፤ ጀግና ብሏት የሚያውቅ ግን የለም።

የወደቀ ቀን ማምሻውን ካፊያ ነበር። አንድ ሽባ አዛውንት ላጭቶ ሲመለስ፣ ዳቦ መጋገሪያው ጋ ያለው መታጠፊያ ላይ የዳቦ መኪና ፍሬቻ አብርቶ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ነው። የኔ ጀግና ታዲያ በመኪናውና በእግረኛው መንገድ ጠርዝ መሀል፣ ድመት እንኳ ቆም ብላ አስባ በምትገባበት ክፍተት፣ ከኋላ ሰተት ብሎ ገባ። መኪናው ታጠፈ። ሞተሩ ከጎማው ሥር ሆነ፤ እሱ ድንጋዩ ላይ ተወረወረ። ትከሻው ተሰበረ፣ ክርኑ ተሰበረ፣ ጭንቅላቱ ተፈነከተ። ሄልሜቱ ምን ሆነ ብትይ፣ አንድም ጭረት ሳይነካው ቦዩ ውስጥ ተገኘ።

እኔ ከምሠራበት ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ ነበር። ቃሬዛ ገፊው እየሮጠ መጥቶ «ባልሽን አምጥተውታል» ሲለኝ አንሶላውን ጥዬ ሮጥኩ። ያን ጊዜ አልናቅሁትም እትዬ፤ እውነቱን ልንገርሽ። ደም የነከረውን ፊቱን ሳይ ያ ሁሉ ምላሴ የት እንደገባ እንጃ። እጁን ይዤ «ስማኝ፣ እኔ ነኝ» እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ነርሷ ልትሰፋው ፀጉሩን መላጨት ስትጀምር ዓይኑን ገለጠ። ስሜን ይጠራል ብዬ ጠጋ አልኩ። «እባክሽ እህቴ፣ ከፊት በኩል አትንኪብኝ» አላት። እንባዬ እዚያው ደረቀ።

ከዚያ ጎረቤቱ ሊጠይቅ መጣ። አክስቱ ራስጌው ላይ ተተክላ ለገባው ሁሉ «ዓይን ነው የበላው! እንዲህ አምሮበት ሲሄድ ዓይን በላው!» ትላለች። ዓይንማ አርፎበት ቢሆን መች ይገጭ ነበር! ዓይን ነው እኮ ያጣው ሰውዬው!

የዳቦ መኪናው ሹፌርም መጣ። ሸምገል ያለ፣ ሸሚዙ ላይ ዱቄት ያለበት ሰው ነው። ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሻሸ በር ላይ ቆመና «ስፖኪዮውን ደግሜ አየሁ ልጄ፤ ጨለማ ብቻ ነበር የሚታየኝ» አለኝ። አክስቲቱ እሳት ጎርሳ ተነሳችና «አንተ ዕውር!» ብላ አባረረችው። ኮሪደሩ ድረስ ተከትዬው ወጥቼ ሸኘሁት።

በማግሥቱ ትራፊክ ፖሊሱ ቃል ሊቀበል መጣ። ባለቤቴ ትራሱ ላይ ቀና ብሎ «መብራቴ ከፊትም ከኋላም በርቶ ነበር፤ ሄልሜትም አድርጌ ነበር» አለ። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠምጥሞ ጎመን አክሎ ሳለ ነው ይህን የሚለው! ፖሊሱ ፋሻውን አየ፤ ዞር ብሎም እኔን አየኝና «የሚጨምሩት አለ?» አለኝ። አክስቱ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። ዝም ብል ሹፌሩ መንጃ ፈቃዱን ያጣል፤ ምናልባትም ይታሰራል። ዱቄት ያለበት ሸሚዙ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኔ አፍ ግን አላመለጠኝም። አውቄ ነው የተናገርኩት። የፊቱ አምፖል ከተቃጠለ ቆይቷል አልኩ፣ የኋላው ጥቁር ላስቲክ ተለጥፎበታል አልኩ፣ ሄልሜቱ የት እንደነበረ ደግሞ ክርኑን ይጠይቁት አልኩ። አክስቱ ደረቷን ደቃች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንግዲህ የኔ ጭካኔ ይህ ነው። ለአንድ ጉረኛ ስም ብዬ የሽማግሌውን ጉሮሮ ልዝጋ ነበር?

ቤት ከገባን በኋላ አኮረፈኝ። ውሃ ሲጠማው «ውሃ የሚያቀብል ሰው ቢገኝ ጥሩ ነበር» ብሎ ለቁም ሣጥኑ ይናገራል። እኔም ለቁም ሣጥኑ መልስ እየሰጠሁ አቀብለዋለሁ። እጁ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ ሥራ የለውም፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ መንገድ ሲያይ ይውላል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «አንተ ደነዝ! ከየት መጣህ! መብራት የለህም እንዴ? ራስህን ልታስጨርስ ነው እኮ!» ብሎ በመስኮቱ ጮኸ። አንገቴን አስግጌ ሳይ ጥቁር የለበሰ ባለሞተር በአንድ መኪና አፍንጫ ሥር ሾልኮ አለፈ። ባለቤቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እትዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ምላሴ በልቶኝ አያውቅም። ከንፈሬን ነክሼ ሽንኩርቴን ከተፍኩ። እሱም ቁጭ አለ።

በሌላው ቀን ከሥራ ስመለስ በደህናው እጁ ምላጭ ይዞ፣ ግቢ ውስጥ ከተጋደመው ሞተር የኋላ መብራት ላይ ላስቲኩን ሲፍቅ አገኘሁት። «አምፖል የሚገዛ ሰው ቢገኝ» አለ፤ ቁም ሣጥኑ ውጭ ስላልነበረ ለኔ መሆኑ ነው። ጀሶው የተፈታ ዕለት ደግሞ በእግሩ ወጥቶ ዳቦ ታቅፎ ገባ። ቤት ውስጥ ዳቦ ሞልቷል። «መጋገሪያው ጋ ነበርኩ። ሰውዬው ሥራው ላይ ነው፤ ጨበጥኩት» አለና ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

ሞተሩ ተጠግኖ ትናንት ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሳው። ሰደርያውን ግራሶው እስኪለቅ ቀቅዬ አጥቤዋለሁ። ለበሰው፤ ሄልሜቱንም ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ማሰሪያውን አገጩ ሥር አጠበቀ። አስቀያሚ ሆነልሽ! ማዕዘኗ ላይ የተኮለኮሉት ሥራ ፈቶች «ካሮት! ካሮት መጣ!» ብለው ተንከተከቱበት። ይመለሳል ብዬ ፈራሁ፤ መሳቂያ ከመሆን በላይ የሚፈራው የለምና። እሱ ግን ፍጥነቱን ቀንሶ «ካሮትም ብሆን አያችሁኝ አይደል?» ብሏቸው አለፈ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ድሮ ሁለት ቤት ሳያልፍ ነበር ከዓይኔ የሚጠፋው። ትናንት መንገዱ እስኪያልቅ፣ መታጠፊያውን ዞሮ እስኪሄድ ድረስ አየሁት።

ጋሼን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፤ ሳላቸውን ችላ እንዳይሉት። ትልቁን ልጅ፣ መንታዎቹን፣ ጥፍር በሊታዋንም በየተራ ሳሚልኝ። ለጎረቤትሽ ለልብስ ሰፊዋ ሰላም በይልኝ። አክስቱ ከደወለችልሽ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት፤ አንዳች እንዳትዘልዪ። ካሮትም ሰላም ብሎሻል። አሁን ሥራ ላይ ነው፤ ከመምሸቱ በፊት እገባለሁ ብሏል፤ እኔም በሩን ገርበብ አድርጌ እየጠበቅሁት ነው።

ምላሷ እንጂ ልቧ የማይጨክን ታናሽ እህትሽ

ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ፣ ከቤቴ
ኅዳር 14 ቀን